የጥንት ዓሣ ነባሪ አጥንት ለአየር ንብረት ጥናት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ለሚሠራ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአየር ንብረት ለውጥን ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የዝናብ መዝገብን ወይም የገብስ ምርትን ነው። ሁለቱም ጥሩ ርዕሶች ናቸው፤ መዝገባቸው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም አይዘልም። አሥር ሺህ ዓመት ወደኋላ መሄድ የፈለገ ሰው ሌላ ዓይነት ምስክር ያስፈልገዋል። አንዱ ምስክር በአርክቲክ ዳርቻዎች ተበትኖ የሚገኘው የባሕር አጥቢ እንስሳት አጥንት ነው። ብዙው ተለክቶ ዕድሜው ታትሟል፤ ስለዚህ ለጀማሪ ሄሊኮፕተርም ላቦራቶሪም የግድ አይደለም። ላፕቶፕ፣ ነፃ ሶፍትዌርና ሠንጠረዥ የማይሰለቸው ሰው ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው በዚህ ዓይነት መረጃ ስንሠራና ተማሪዎች ሲሠሩ ስናይ የተማርነው ነው። ስሕተት የሚገባባቸው ቦታዎች ላይ እናዘገያችኋለን፤ ሌላውን ከመማሪያ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ይህ ነው። ሳተላይት የአርክቲክን የባሕር በረዶ ያለማቋረጥ መከታተል የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በሴፕቴምበር 2012 በረዶው ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ በሳተላይት ዘመን ዝቅተኛው ሆነ። ይህ ከተፈጥሮ መለዋወጥ ምን ያህል እንደወጣ ለመናገር የአርባና የሃምሳ ዓመት መዝገብ አይበቃም፤ በረዶው ከዚያ በፊት በሺህ ዓመታት ውስጥ እንዴት ይሰፋና ይጠብ እንደነበር ማወቅ ያሻል። ቦውሄድ ዓሣ ነባሪ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ቦውሄድ ዕድሜውን ሙሉ ከበረዶ ጠርዝ የማይርቅ እንስሳ ነው። እስከ 18 ሜትር ይረዝማል፣ ከ200 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፣ በግዙፍ ራሱ ግማሽ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን በረዶ ሰብሮ ይተነፍሳል። ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ በሚከርም የባሕር ሰርጥ ውስጥ ግን መኖር አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ እኛ ጋ ክረምቱ ሲከብድ፣ እዚያ በረዶው ይሰበራል፤ ቦውሄድም የሚያፈገፍገውን ጠርዝ ተከትሎ ወደ ሰርጦቹ ይገባል። ሰርጡ ካልተከፈተ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ በረዶ በሚዘጋው ሰርጥ ዳር የቦውሄድ ራስ ቅል ቢገኝ፣ እንስሳው በሞተበት ዘመን ሰርጡ በሙቀቱ ወራት ይከፈት ነበር ማለት ነው።

አርተር ዳይክና ባልደረቦቹ በ1996 ባሳተሙት ሥራ በካናዳ የአርክቲክ ደሴቶች የተገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቦውሄድ አጥንቶችን ዕድሜ አሰባስበው አራት ዘመን ለዩ። ከ10,500 እስከ 8,500 የራዲዮካርቦን ዓመት በፊት እንስሳው በብዛት ነበረ፤ በምዕራብ ከቤሪንግ በኩልና በምሥራቅ ከዴቪስ ሰርጥ በኩል የሚመጡት ሁለት ወገኖች መሐል ላይ እስከ መገናኘት ደርሰዋል። ከ8,500 እስከ 5,000 ከመካከለኛዎቹ ሰርጦች ጠፋ። ከ5,000 እስከ 3,000 ተመልሶ ገባ። ከ3,000 ወዲህ ደግሞ እንደገና ተዘጋ። እነዚህ ቁጥሮች የራዲዮካርቦን ዓመት (በአጥንቱ ውስጥ ከቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በቀጥታ የተሰላ ዕድሜ) እንጂ የፀሐይ ዓመት (እውነተኛው የዘመን አቆጣጠር ዓመት) አይደሉም። ሲቀየሩ 10,500ው ወደ 12,500፣ 8,500ው ወደ 9,500፣ 5,000ው ወደ 5,700፣ 3,000ው ወደ 3,200 ይሆናሉ። ሁለቱን ዓይነት ዓመት በአንድ ሥዕል ላይ ቀላቅሎ ማስቀመጥ በጽሑፎች ላይ ከምናያቸው ስሕተቶች የተለመደው ነው፤ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የታተመ ሰውም ይሳሳተዋል።

«ይህ ለሸዋ ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚል መርማሪ አይጠፋም። መልሱ የምድር ምሕዋር ላይ ነው። የዛሬ 11,000 ዓመት ገደማ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሙቀቱ ወራት ከዛሬ የበለጠ የፀሐይ ጨረር ያገኝ ነበር። ያው ጨረር በአርክቲክ ለባሕር በረዶ ማፈግፈግ አስተዋጽኦ ሲያደርግ፣ በእኛ በኩል የክረምቱን ዝናብ አጠናክሮ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን አንድ ሐይቅ አድርጎ ነበር። የአቤ ሐይቅም ከዛሬው እጅግ ከፍ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ የሰሜኑን የአጥንት ሠንጠረዥ ከስምጥ ሸለቆ የሐይቅ ከፍታ መዝገብ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ትክክለኛ ርዕስ ነው። በሁለቱም ወገን የፀሐይ ዓመት መጠቀም ብቻ አይረሳ።

አጥንቱ የተኛበት ቦታ

የጥንቱ የበረዶ ግግር መሬቱን በክብደቱ አስጎንብሶት ነበር። ግግሩ ሲቀልጥ መሬቱ፣ ሰው የተነሣበት የስፖንጅ ፍራሽ እንደሚመለሰው፣ ቀስ እያለ ተነሣ፤ ዛሬም በብዙ ቦታ አላቆመም። በዚህ ምክንያት የጥንት ባሕር ዳርቻዎች አንዱ ከሌላው በላይ ደረጃ ሠርተው ይታያሉ፤ የላይኛው አሮጌ፣ የታችኛው አዲስ ነው። አጥንቱ ግማሹ በጠጠር ተቀብሮ፣ የላይ ፊቱ በድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ ይገኛል። ከአጥንቱ የሚወጣው ማዳበሪያ ዙሪያውን ስለሚያለመልመው ራቁት ጠጠር መካከል አረንጓዴ ነጠብጣብ ከሩቅ ይታያል፤ ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ የሚመሩት በዚያ ነው።

ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ነባሪ የሚያርፈው በዚያ ቀን የባሕሩ ወለል በነበረበት ከፍታ ገደማ ነው። ከዚህ ትልቅ ፍተሻ ይወጣል። አጥንቱ ከዘመኑ የባሕር ከፍታ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አያስደነግጥም፦ ሬሳው ከዳርቻው ራቅ ብሎ ሰጥሞ ይሆናል፣ ወይም መሬቱ በቀለጠ ቁጥር ቁልቁል ተንሸራትቶ ይሆናል። ከዘመኑ የባሕር ከፍታ በላይ ቢገኝ ግን ተጠራጠሩ። አንድ ቶን የሚመዝን ራስ ቅል ራሱ ሽቅብ አይወጣም። ወይ ሰው ተሸክሞታል፣ ወይ ዕድሜው ተሳስቷል፣ ወይ ከፍታው በትክክል አልተለካም። በተለይ የድሮ ከፍታዎች በግፊት መለኪያ የተወሰዱ ስለሆኑ የአየር ግፊት በተቀየረ ቀን ብዙ ሜትር ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን አጥንት ከአካባቢው የባሕር ከፍታ መስመር (ባሕሩ በየዘመኑ የነበረበትን ከፍታ ከሚያሳየው) ጋር በአንድ ሥዕል ላይ አስቀምጡት፤ ከመስመሩ በላይ የወጣውን በቀይ ለዩት። ቀዩን ሳታጣሩ ወደ ትንተና አትግቡ።

የቦታው ከፍታ ነገር ሲነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ ለአገራችን ሰው። በጀማ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይም የባሕር ቅሪተ አካል ይዟል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ብሎም ይገኛል። እሱ ግን በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ባሕር ነው፤ ያነሣውም የመሬት ውስጥ ኃይል እንጂ የበረዶ መቅለጥ አይደለም። በከፍታ ዕድሜን የመፈተሽ ዘዴው ከአርክቲክ ወደ ጀማ አይሸጋገርም።

የትኛው እንስሳ ምን ይመሰክራል

ሁሉም አጥንት ስለ በረዶ አንድ ነገር አይናገርም። ቀለበታማው አቆስጣ (ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ስሙ «ሲል» ከሚለው የባሕር እንስሳ ወገን) በረዶው ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ እየፋቀ የሚኖርና በበረዶው ላይ በተከመረው አመዳይ ውስጥ ዋሻ ሠርቶ የሚወልድ ነው፤ እሱ የሚመሰክረው ከዳርቻ ጋር የተጣበቀ ጽኑ በረዶ መኖሩን ነው። ግሪንላንዳዊው አቆስጣ በተንሳፋፊው በረዶ ጠርዝ ስለሚወልድ የሚያሳየው ጠርዙን ነው። ናርዋል የተባለው ትንሽ ዓሣ ነባሪ ክረምቱን በጥቅጥቅ ተንሳፋፊ በረዶ መካከል ያሳልፋል። ዋልረስ፣ ረጅም ጥርስ ያለው የአቆስጣ ዘመድ፣ ከጥልቁ ባሕር ወለል ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር ከማይበልጥ ውኃ ሥር ቅርፊታም ምግቡን ይለቅማል፤ አጥንቱ ስለ በረዶ ብቻ ሳይሆን ስለ ባሕሩ ጥልቀትና ምግብም ይናገራል። ቤሉጋ፣ ነጩ ዓሣ ነባሪ፣ በሙቀቱ ወራት ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ይሰበሰባል። ሁሉንም «የቀዝቃዛ ባሕር እንስሳ» ብሎ በአንድ ዓምድ መደመር መረጃውን መግደል ነው።

አንዳንዴ አንድ አጥንት ብቻውን ብዙ ይላል። በ1849 አሜሪካ ውስጥ ባሕር በሌላት ቬርሞንት፣ ሻርሎት በምትባል ቦታ፣ የባቡር ሐዲድ ሲቆፈር የቤሉጋ አፅም ወጣ፤ ከግግሩ መቅለጥ በኋላ ውቅያኖስ እስከዚያ ገብቶ እንደነበር ያ አፅም ይመሰክራል። አንድ አጥንት ከሚችለው በላይ እንዲናገር የሚገደድበትም ጊዜ አለ። በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ፣ ፑሌፒንተን የተገኘው የዋልታ ድብ መንጋጋ ከ110,000 እስከ 130,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። ይህ ዝርያው ያኔ በዚያ ቦታ እንደነበረ ይነግረናል። «ስለዚህ ድቡ ያለፈውን ሙቀት ስለቻለ የአሁኑንም ይችላል» የሚለው ክርክር ግን ከመንጋጋው አይወጣም፤ ስንት ድብ እንደነበረ፣ በረዶው ምን ያህል እንደነበረ መንጋጋው አያውቅም። በጽሑፋችሁ ይህን ዓይነት ዝላይ ካገኘን አናሳልፈውም።

ሠንጠረዡ

አንድ መስመር ለአንድ ልኬት። ዓምዶቹ፦ የቦታ ስም፣ ሰሜን ኬክሮስ፣ ምዕራብ ኬንትሮስ፣ ከፍታ በሜትር፣ ከፍታው እንዴት እንደተለካ፣ ዝርያ፣ የአጥንቱ ክፍል (ራስ ቅል፣ የጆሮ አጥንት፣ መንጋጋ፣ የጀርባ አጥንት)፣ የላቦራቶሪ ቁጥር፣ የራዲዮካርቦን ዕድሜ፣ ስሕተቱ፣ የካርቦን 13 እሴት (በአጥንቱ ያለው የአንዱ ካርቦን ዓይነት መጠን፤ ዕድሜው የሚስተካከልበት)፣ ዕድሜው በእሴቱ ተስተካክሏል ወይስ አልተስተካከለም፣ የባሕር ቅናሽ (ከባሕር እንስሳ ዕድሜ የሚቀነሰው፤ ከታች ይብራራል) ተደርጎበታል ወይስ አልተደረገበትም፣ አጥንቱ በተፈጥሮ የወደቀ ነው ወይስ ከሰው መኖሪያ የወጣ፣ ምንጩ። «ተደርጎበታል ወይስ አልተደረገበትም» የሚሉት ሁለት ዓምዶች ባዶ ከሆኑ መስመሩ ገና አልተሞላም ማለት ነው።

የላቦራቶሪ ቁጥሩ የእያንዳንዱ ልኬት መታወቂያ ነው። አንድ ልኬት በሦስት ጽሑፎች ውስጥ ሦስት የተለያየ ዕድሜ ይዞ ይገኛል፤ አንዱ ጥሬውን፣ አንዱ የተቀነሰውን፣ አንዱ ካሊብሬት የተደረገውን (ወደ ፀሐይ ዓመት የተቀየረውን) አሳትሞት ነው። በቁጥሩ ካላገናኛችሁት አንድ ዓሣ ነባሪ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። አንድ አፅም ከራስ ቅሉም ከጆሮ አጥንቱም ተለክቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አንድ እንስሳ ነው።

ኤክሴል ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ከፍታው «5-8» ተብሎ ሲጻፍ ኤክሴል ቀን ያደርገዋል፤ ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። ደብረ ብርሃን ምሥራቅ 39.5 ላይ ስለሆነች የእኛ ተማሪ የመቀነስ ምልክት መጻፍ አልለመደም። ምዕራብ 95 ያለ ምልክት ከገባ የካናዳው ዓሣ ነባሪ ሳይቤሪያ፣ ታይሚር ላይ ያርፋል፤ ነጥቦቹ ሁሉ በየብስ መካከል ሲታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ካርታም ላይ እንዲሁ። በእኛ ኬክሮስ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰሜን 75 ላይ ወደ 29 ኪሎ ሜትር ይጠባል። በዲግሪ ሣጥን ሠርቶ መቁጠር እዚህ ያስኬዳል፣ እዚያ ያጣምማል። የዋልታ ስቴሪዮግራፊክ ትንበያ (ኢፒኤስጂ 3413) ተጠቅማችሁ በሜትር ሥሩ፤ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ያደርገዋል።

ዕድሜውን ማስተካከል

ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ራዲዮካርቦን የሚለካው እንስሳው ከምግቡ ካገኘው ካርቦን የቀረውን ነው። የባሕር ውኃ ካርቦን ከአየር ካርቦን ያረጀ ነው፤ ጥልቁ ውኃ ከአየር ጋር ሳይገናኝ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ስለሚወጣ። በዚህ ምክንያት የባሕር እንስሳ ከየብስ እንስሳ ጋር በአንድ ቀን ቢሞትም በልኬት በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት አርጅቶ ይገኛል። የባሕሩን የራዲዮካርቦን ዓመት ወደ ፀሐይ ዓመት የሚቀይረው ካሊብሬሽን መስመር የዓለምን አማካይ ጭማሪ ይዟል፤ የአካባቢው ውኃ ከአማካዩ የሚለይበት ደግሞ ዴልታ አር ይባላል።

ወጥመዱ መስመሩ ሲታደስ አማካዩም መቀየሩ ነው። ማሪን13 በተባለው የባሕር መስመር አማካዩ ወደ 400 ዓመት ነበር፤ በተከታዩ በማሪን20 ለቅርቡ ዘመን ወደ 550 ደርሷል። ስለዚህ ለአሮጌው መስመር የተሰላ ዴልታ አር በአዲሱ መስመር ላይ ቢደረግ 150 ዓመት ያህል ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። በ2014 በታተመ ጥናት ለሰሜን አሜሪካ አርክቲክ ቦውሄድ 170 ± 95፣ ለቤሉጋ 240 ± 60 ዓመት ዴልታ አር ተሰጥቷል፤ እነዚህ ከማሪን20 በፊት የወጡ ናቸው፤ በአዲሱ መስመር ለመጠቀም እንደገና መሰላት አለባቸው። ± 95 የሚለውንም አትጣሉት። ዓሣ ነባሪ በሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚዘዋወር የበላው ከተለያየ ውኃ ነው፤ ያ ስሕተት እውነተኛ ነው፣ ወደ መጨረሻው ውጤትም መግባት አለበት። በተጨማሪ የማሪን20 አዘጋጆች ራሳቸው መስመሩ ከ11,500 ዓመት በፊት ለነበረው የዋልታ ባሕር በቀጥታ እንዳይሠራበት አስጠንቅቀዋል፤ በዚያን ጊዜ የባሕሩ በረዶ ራሱ የውኃውን ዕድሜ ያዛባው ስለነበር። የቦውሄዱ የመጀመሪያ ዘመን ከፊሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃል፤ በጽሑፋችሁ ግልጽ አድርጉት።

በእጅ የሚሠራ ፍተሻ ይኸውና። አንድ የቦውሄድ አጥንት 9,400 የራዲዮካርቦን ዓመት አለው እንበል፤ በካርቦን 13 ተስተካክሏል፣ የባሕር ቅናሽ ግን አልተደረገበትም። በአሮጌው ስሌት 400 እና 170 ሲቀነስ 8,830 ይቀራል፤ ለየብስ እንስሳት በሚሠራው ካሊብሬሽን መስመር ወደ 9,900 የፀሐይ ዓመት ይሆናል። ቅናሹን የረሳ ሰው ወደ 10,600 ያገኛል። የተቀነሰለትን እንደገና 400 የቀነሰ ደግሞ ወደ 9,450። አንድ አጥንት በሦስት አያያዝ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይለያያል። ይህ ለመጨረሻ ውጤት የሚሆን ዘዴ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ያወጣው ቁጥር ከዚህ ብዙ ከራቀ የሆነ ቦታ ምልክት ወይም ዓምድ ተሳስቷል ማለት ነው።

የድሮ ልኬቶች ተጨማሪ ጣጣ አላቸው። የካናዳ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ላቦራቶሪ የባሕር ዛጎልን ዕድሜ ያስተካክል የነበረው ወደ 0 ፐርሚል (ከሺህ እጅ) የካርቦን 13 እሴት እንጂ እንደ ሌሎቹ ወደ −25 አልነበረም። አንድ ፐርሚል 16 ዓመት ያህል ስለሆነ ልዩነቱ 400 ዓመት ነው፤ ማለትም የባሕር ቅናሹ በተዘዋዋሪ ተደርጎበታል። ከፍታውን ለመፈተሽ የዛጎል ልኬት ስትጠቀሙ ይህን ሳታዩ እንደገና ከቀነሳችሁ የባሕር ከፍታ መስመሩ ይጣመማል፤ ከዚያ ጤነኞቹ አጥንቶች ሁሉ ቀይ ይሆናሉ። አጥንትም ያለ ማስተካከያ ከታተመና የካርቦን 13 እሴቱ ከ−25 በ9 ፐርሚል ከፍ ቢል (−16 ቢሆን)፣ ወደ 145 ዓመት ወጣት ሆኖ ይታያል።

«በፊት» የሚለው ቃል የሚቆጠረው ከ1950 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1942 ዓ.ም. ማለት ነው። የስምጥ ሸለቆን ሐይቅ መዝገብ ከአገር ውስጥ ሪፖርት ስትወስዱ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ፤ በሺህ ዓመት ሚዛን ሰባትና ስምንት ዓመት ኢምንት ነው፣ በቅርብ ጊዜ መዝገብ ግን ያሳፍራል።

ለሥራው ኦክስካል፣ ካሊብ ወይም በአር ቋንቋ ያለው አርካርቦን ይበቃሉ። ሦስቱም ነፃ ናቸው። መብራትና ኔትወርክ ባለበት ቀን ፕሮግራሙንም የመስመሮቹን ፋይልም አውርዳችሁ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡ፤ በድረ ገጹ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ያስገባው ነገር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ትእዛዙን በጽሑፍ ፋይል ጻፉት፣ በመዳፊት ብቻ አትሥሩ።

አጥንቱን ማን አመጣው

ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቱሌ ሕዝብ፣ የዛሬዎቹ ኢኑይት ቅድመ አያቶች፣ በአርክቲክ ደሴቶች ቦውሄድን እያደነ የጎድን አጥንቱንና መንጋጋውን ለቤት ጣሪያ ይጠቀም ነበር። እንጨት በሌለበት አገር ሌላ ምሰሶ የለም። ከእንዲህ ዓይነት ፍርስራሽ የወጣ አጥንት የሚናገረው ስለ አደን ነው፤ ከሌላ ቦታ ተጎትቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀድሞ ከዳርቻ የተለቀመ አሮጌ አጥንትም ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ፦ የመሬት ጉድጓድና የድንጋይ ክብ፣ የመቁረጫ ጠባሳ፣ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ፣ የተደጋገመ አንድ ዓይነት የአጥንት ክፍል፣ ትንንሽ እንስሳት መብዛት። በተፈጥሮ የወደቀው አፅም ብዙውን ጊዜ ራስ ቅሉ በቦታው ሆኖ ሌሎቹ አጥንቶች ዙሪያውን ይገኛሉ። በስቫልባርድ በኩል ደግሞ ከ1611 ጀምሮ የመጡት አውሮፓውያን አዳኞች የጣሉት አጥንት ዝቅተኛዎቹን ዳርቻዎች ሞልቷል።

አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ የሰው ንክኪ ያለበትን ሁሉ ይሰርዛሉ። አትሰርዙት፤ ዓምዱን ሞልታችሁ ለብቻው ተንትኑት። ሰው በአካባቢው ቦውሄድ አድኖ ከሆነ እንስሳው በአቅራቢያው ነበር፤ ደካማ ምስክር ነው እንጂ ባዶ አይደለም።

መቁጠርና አለመኖር

በየ500 ዓመቱ ስንት እንስሳ ተገኘ ብሎ መቁጠር ቀላል ነው፤ ከባዱ ትርጉሙ ነው። ብዙ አጥንት ማለት ብዙ ሞት ማለት ነው። ብዙ ሞት ብዙ እንስሳ ስለነበረ ሊሆን ይችላል፤ በረዶው ባልታሰበ ጊዜ ሰርጡን ዘግቶ መንጋ ስላፈነም ሊሆን ይችላል። የአጥንት መጥፋት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ዳርቻው ገደል ከሆነ ሬሳ አያርፍበትም። ማንም እግሩን ያላነሣበት ደሴት ባዶ ይመስላል። በምዕራቡ ጠርዝ፣ በቦፎርት ባሕር በኩል፣ መሬቱ እየሰመጠ ስለሆነ የድሮው ዳርቻ ዛሬ ውኃ ውስጥ ነው። መግቢያው ሰርጥ በበረዶ ቢደፈን ደግሞ ውስጡ ክፍት ቢሆን እንኳ እንስሳው አይደርስም። ስለዚህ «ከ8,500 እስከ 5,000 አጥንት የለም» ሲባል መጠየቅ ያለበት የዚያ ዘመን ዳርቻ መሬት ላይ አለ ወይ፣ ተፈልጓል ወይ የሚለው ነው። ከላይኛውም ከታችኛውም ዳርቻ አጥንት ተገኝቶ፣ መሐሉ ግን ተፈልጎ ባዶ ከሆነ ክፍተቱ ይታመናል።

ካሊብሬሽን ለእያንዳንዱ አጥንት የሚሰጠው አንድ ዓመት ሳይሆን የሚሆኑ ዓመታት ስርጭት ነው፤ እነዚህን የዕድሜ ስርጭቶች ደምሮ አንድ ጎርበጥባጣ መስመር ማውጣት ፋሽን ሆኗል። መስመሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ብዙ ጊዜ የካሊብሬሽን መስመሩ መጠማዘዝ ናቸው። ከእያንዳንዱ ስርጭት በዘፈቀደ አንድ ዓመት እየወሰዳችሁ ቆጠራውን 1,000 ጊዜ ድገሙት፤ በሁሉም ላይ የሚቆመውን ብቻ ጻፉ።

አጥንቱን ብቻውንም አታቁሙት። ከሳይቤሪያ ወንዞች የሚመጣ ተንሳፋፊ እንጨት በረዶ ካልተሸከመው ሰጥሞ ይቀራል፣ ዳርቻው ካልተከፈተ ደግሞ አያርፍም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይመሰክራል። ከ2007 ወዲህ የሚሠራበት አይፒ25 የተባለው ቅባት መሰል ውሕድ በበረዶ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ዕፅዋት የሚወጣና በባሕር ወለል ደለል የሚጠራቀም ነው። ሁለቱ ከአጥንቱ ጋር ሲስማሙ ተናገሩ፤ ካልተስማሙ አለመስማማቱን ጻፉ፣ እሱም ውጤት ነው።

ላቦራቶሪና ፈቃድ

አጥንት ራሱን ለማግኘት ለሚያስብ፦ ዛሬ አንድ ግራም ያህል ጥቅጥቅ አጥንት ለአክስለሬተር (የካርቦን አተሞችን በቀጥታ ለሚቆጥር መሣሪያ) ልኬት ይበቃል፤ የጆሮ አጥንት ተመራጭ ነው። የላይ ፊቱ ይፋቃል፣ በቀዝቃዛ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማዕድኑ ይሟሟል፣ በቀላል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የአፈሩ ቆሻሻ ይወጣል፣ ቀሪው ኮላጅን (የአጥንቱ ፕሮቲን) በሙቅ ውኃ ጄል ሆኖ ይጣራል። የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔው ከ2.9 እስከ 3.6 ካልሆነ ውጤቱ አይታመንም። አርክቲክ ብርዱ ኮላጅኑን ስለሚጠብቅ ብዙው ያልፋል። ይሁን እንጂ ቦውሄድ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት አባሪ አንድ ላይ ያለ ስለሆነ አጥንቱን ድንበር ማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደሴቶቹ ከሚገኙበት የካናዳ ግዛት ከኑናቩትም መንግሥት የማውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አትሞክሩት፤ ጊዜው ያልቃል።

እጅን በእውነተኛ ቅሪተ አካል ማለማመድ የፈለገ ሰው ሙሽ ሸለቆ ቅርቡ ነው። እዚያ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የሐይቅ ደለል የቅጠል ቅሪቶችን ገጽ በገጽ ይዟል፤ ከቅጠሉ ስፋትና ከጠርዙ ቅርጽ ተነሥቶ የጥንቱን ዝናብ መገመት ይቻላል። ቅጠል የሚወድቀው ከበቀለበት ብዙም ሳይርቅ ነው፤ «ማን አመጣው» የሚለው ጥያቄ ከዓሣ ነባሪው እዚህ ይቀላል። ለማየት ሂዱ፣ አትንቀሉ። ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ቅሪተ አካል ማንሣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው ሙሉውን አርክቲክ ሳይሆን አንድ ደሴት፣ ለምሳሌ በካናዳ አርክቲክ ያሉትን ሶመርሴትን ወይም ዴቨንን ይዞ ከ30 እስከ 50 ልኬት መሰብሰብ ነው። መርማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት ሥዕሉን ሳይሆን ሠንጠረዡን እንዲሆን አባሪ አድርጋችሁ አያይዙ፤ ከምንጩ የተገለበጠውን ጥሬ ዕድሜ በራሱ ዓምድ ሳትነኩ አቆዩት፣ ማስተካከያ ሁሉ በሌላ ዓምድ ይሠራ።